አልበሙ ከስክሪኑ ጨልሞ፣ ነጠላው ቢጫ ሆኖ ይወጣል፦ ሞኒተር ካሊብሬሽን ከየት ይጀመር?

ሌንስ ከፒያሳ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። የሠርግ ፎቶ ነው የምሠራው። በላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም) የተስተካከለው ፎቶ ላብ (የፎቶ ማተሚያ ቤት) ደርሶ በአልበም ሲመለስ ጨልሞ ይመጣል። በተለይ የሙሽራው ጥቁር ሱፍና ጥላ ያረፈበት የጠይም ሰው ፊት ዝርዝራቸው ይጠፋል። ሁለተኛው ችግር ነጭ ልብስ ነው። ነጠላውና የሀበሻ ቀሚሱ ስክሪን ላይ ንጹሕ ነጭ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ቢጫ ይላሉ። ሁለት የተለያዩ ላቦች ጋ ታትሞ ውጤቱ ያው ነው።

ዕቃው፦ 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር፣ ዊንዶውስ 11፣ ኤንቪዲያ ካርድ፣ ግንኙነቱ በኤችዲኤምአይ። ብራይትነስ 80፣ የቀለም ሞዱ «ስታንዳርድ»። መለኪያ መሣሪያ የለኝም። ስፓይደር (የስክሪን ቀለም መለኪያ) ልግዛ ወይስ ከዚያ በፊት የሚደረግ ነገር አለ?

ግራጫ ካርድ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55)

ወንድሜ፣ መሣሪያውን መግዛት ለኋላ ይደርሳል። ሁለቱ ችግሮችህ ምክንያታቸው ለየቅል ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው።

መጨለሙ በአብዛኛው የብራይትነስ ጉዳይ ነው። ብዙ ሞኒተር ከካርቶኑ ሲወጣ በካሬ ሜትር 250 ካንዴላና (የብርሃን መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ ያበራል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚመልሰው ክፍሉ የሰጠውን ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን (በሉክስ) በ0.9 አባዛው፣ ለ3.14 አካፍለው። (0.9 ጥሩ ነጭ ወረቀት የሚመልሰው መጠን ነው።) 300 ሉክስ ያለው ቢሮ ውስጥ 86 ካንዴላ ይሆናል። ማታ 150 ሉክስ በማይሞላ ሳሎን ውስጥ አልበሙ ሲገለጥ ደግሞ 43 እንኳ አይሞላም። በ250 ካንዴላ ስክሪን ላይ «በቃ፣ ደረሰ» ያልከው ፊት 86 ላይ ሲታይ አንድ ስቶፕ ተኩል ወርዷል ማለት ነው (አንድ ስቶፕ ሲወርድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)። ዓይን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ስለሚላመድ ጠቅላላው ምስል ያን ያህል የወረደ ላይመስል ይችላል። ጥላ ውስጥ ያለ ጠይም ቆዳና ጥቁር ሱፍ ግን መጀመሪያውኑ ታች ስላሉ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ቢጫው የነጭ ነጥብ፣ ማለትም ስክሪኑ ነጭ ብሎ የሚያሳየው ቀለም ጉዳይ ነው። ኢላማው 6500 ኬልቪን ሲሆን ብዙ ሞኒተር በፋብሪካ ቅንብሩ ከ7000 በላይ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በዚያ ስክሪን ላይ ነጠላው ሰማያዊ ሲመስልህ የላይትሩምን «ቴምፕ» ወደ ቢጫ ትገፋዋለህ። ስክሪኑ ላይ ነጣ፣ ፋይሉ ውስጥ ግን ቢጫ ገባ። ላቡ የሚያትመው ፋይሉን ነው።

ይህን አሁኑኑ ማረጋገጥ ትችላለህ። የላይትሩም ዴቨሎፕ ገጽ ውስጥ ማውሱን በብርሃን በኩል ያለው ነጠላ ላይ አሳርፍና ከሂስቶግራሙ (ከብርሃን ግራፉ) ሥር ያሉትን ሦስት ፐርሰንቶች አንብብ። ቀይ 88፣ አረንጓዴ 86፣ ሰማያዊ 78 የሚል ዓይነት ከሆነ ቢጫው ካንተ ፋይል ነው፤ ላቡ የለበትም። ሦስቱ በ2 ፐርሰንት ውስጥ ከተቀራረቡና ሕትመቱ ቢጫ ከሆነ ወረቀቱንና ላቡን እንጠይቃለን። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ከተፈጥሮው ትንሽ ክሬም ስለሚል ሰማያዊው 2 ወይም 3 ፐርሰንት ዝቅ ቢል አትሸበር፤ ፍጹም እኩል ካደረግኸው ነጠላው ናይለን ይመስላል።

ብራይትነሱን ደግሞ ያለ መሣሪያ በካሜራህ ለካው፦

ሞኒተሩ 30 ደቂቃ ይሙቅ። ሙሉ ስክሪኑን ነጭ አድርግ (255፣ 255፣ 255)። የክፍሉን መብራት አጥፋ። ካሜራውን አፐርቸር ፕራዮሪቲ ላይ አድርግ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 4፣ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን 0። ፎከሱን በእጅ ኢንፊኒቲ ላይ አድርግና ፍሬሙን በነጩ ሙላው። ካሜራው የሚነግርህን ሸተር አንብብ። 1/40 ማለት 80 ካንዴላ፣ 1/50 ማለት 100፣ 1/60 ማለት 120፣ 1/125 ማለት 250 ነው። ስሌቱ ኤፍ በራሱ ተባዝቶ በ12.5 ከተባዛ በኋላ ለአይኤስኦና ለሸተር ጊዜው ይካፈላል፤ 12.5 ካኖንና ኒኮን ለብርሃን መለኪያቸው የሚጠቀሙበት ቋሚ ቁጥር ነው። በአንድ ሦስተኛ ስቶፕ ሊሳሳት ይችላል፤ ለመነሻ ግን ይበቃል። እስከ 1/50 ድረስ ብራይትነሱን አውርድ።

የኦፍሴት ባለሙያ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። አልበሙ የሚታይበት መብራት ላይ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ሕትመት ለመመርመር የተቀመጠው ደረጃ አይኤስኦ 3664 ነው። መብራቱ ዲ50፣ ማለትም 5000 ኬልቪን ገደማ ይሁን ይላል። ለጥብቅ ንጽጽር 2000 ሉክስ፣ በተለመደ ሁኔታ ለማየት 500 ሉክስ። ሞኒተር የሚታይበት ክፍል ደግሞ ከ64 ሉክስ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ32 በታች እንዲሆን ይመክራል። ስክሪንና ወረቀት ሁለት የተለያየ ብርሃን ይፈልጋሉ ማለት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የሚታይበት የብቻው መብራት ይኑር፤ ሞኒተሩ ላይ እንዳያንጸባርቅ ወደ ጎን ዞሮ።

አምፑል ስትገዙ «ዴይላይት» የሚለው ጽሑፍ አይበቃም። ሲአርአይ ቁጥሩን (አምፑሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረውን) ካርቶኑ ላይ ፈልጉ፤ 90ና ከዚያ በላይ ይሁን። ርካሹ ኤልኢዲ 80 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ጥልቅ ቀይ ብርሃን ይጎድለዋል። ጠይም ቆዳ ውስጥ ያለው ቀይ በዚያ አምፑል ሥር ይሞትና ሕትመቱ አመድ ይመስላል። ወረቀቱ ምንም ሳይሆን ትመልሱታላችሁ።

እዚህ አዲስ አበባ አንድ ነገር አለ። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ ያለው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስታወት የቀን ብርሃኑን ቀለም ይቀባዋል። በዚያ ክፍል ቀን ላይ ቀለም ማረም አይቻልም፤ ዓይን ለሰማያዊው ይላመድና ትክክለኛው ነጭ ቢጫ ይመስለዋል። ወፍራም መጋረጃ፣ ግራጫ ከሆነ ይመረጣል። ከሞኒተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ ቢያንስ እሱን ግራጫ ቀቡት።

ሌንስ ከፒያሳ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎም ይመስገኑ።

ልኬቱ፦ ብራይትነስ 80 ላይ ካሜራው 1/125 አለ። 1/50 እንዲል እስከ 22 ወረደ። ነጠላው ላይ ደግሞ ቀይ 91፣ አረንጓዴ 88፣ ሰማያዊ 80። ቢጫው በእርግጥ ፋይሉ ውስጥ ነው።

አሁን ሌላ ነገር ታየኝ። ብራይትነሱ ወርዶም ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፤ የታጠበ ግራጫ ይመስላል። ክፍሉ ጨለማ ነው።

ፒክስል ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48)

በኤችዲኤምአይ ነው አላልክም? ካርዱ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን መስሎት ሙሉውን ከ0 እስከ 255 ሳይሆን ከ16 እስከ 235 ብቻ እየላከ ሊሆን ይችላል። ሞኒተሩ 16ን እንደ 16 ስለሚያሳየው ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ነጩም ይደክማል። አንተ ያንን አይተህ «ብላክስ» ወደ ታች ትጎትታለህ። የሱፉ ዝርዝር ወረቀት ላይ የጠፋው አንዱ በዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ፈትነው፦ ፎቶሾፕ ውስጥ 0፣ 0፣ 0 የሆነ ጥቁር ገጽ ክፈት። በላዩ ላይ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ደርድር። ሙሉ ስክሪን አድርገው፣ መብራት አጥፋ።

ካሬዎቹ በሙሉ ይታያሉ፣ መደቡ ግን ግራጫ ነው ካልክ፦ ካርዱ ቀንሶ እየላከ ነው። 16ና ከዚያ በታች ያሉት በሙሉ ጠፍተው 20 ብቻ ከታየ፦ ተገላቢጦሹ ነው፣ ካርዱ ሙሉ ይልካል፣ ሞኒተሩ የተቀነሰ ይጠብቃል። ጥሩ ስክሪን ላይ 4 በጭንቅ፣ 8 በግልጽ ይታያል።

ማስተካከያው፦ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል፣ «ቼንጅ ሬዞሉሽን»፣ ወደ ታች ውረድ፣ «ዩዝ ኤንቪዲያ ከለር ሴቲንግስ» ምረጥ። አውትፑት ከለር ፎርማት አርጂቢ፣ አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ «ፉል»። ፎርማቱ ዋይሲቢሲአር 422 (የቀለሙን ዝርዝር ቀንሶ የሚልክ) ላይ ከነበረ ቀይ ጽሑፍ ጠርዙ ሲደፈርስ ታያለህ፣ እሱም አብሮ ይድናል። ዲስፕሌይፖርት ገመድ ካለህ ወደሱ ቀይር፤ ይህ ችግር እዚያ ብርቅ ነው።

ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥም «ብላክ ኢኳላይዘር» ወይም «ሻዶው ቡስት» የሚሉ የጌም ቅንብሮች ካሉ አጥፋ። ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ ሞድ፣ ብሉ ላይት ፊልተርም እንዲሁ።

ሌንስ ከፒያሳ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05)

«ሊሚትድ» ላይ ነበር! «ፉል» ሲደረግ ስክሪኑ ሌላ ሆነ። አሁን 8 ይታያል፣ 4 በጭንቅ።

ንድፍና ቀለም (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

በዚሁ ክር ላይ ልጠይቅ። ሎጎና ባነር በኮረልድሮው ነው የምሠራው። ደማቅ አረንጓዴ ስክሪን ላይ ያበራል፣ ባነሩ ላይ ይደበዝዛል። ጥቁር ሰማያዊው ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል። ይህም ካሊብሬሽን ነው?

የኦፍሴት ባለሙያ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15)

እህቴ፣ ይህ ካሊብሬሽን አይደለም፤ ሞኒተሩ ልክ ቢሆንም ይቀጥላል።

አረንጓዴው ስክሪን ላይ ብርሃን ነው፣ ወረቀት ላይ ሳያንና ቢጫ ቀለም ተደራርበው የሚፈጥሩት ነው። 0፣ 255፣ 0 የሚባለውን አረንጓዴ በአራት ቀለም ማተሚያ የሚያወጣ የለም። መፍትሔው መጀመሪያውኑ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) መሥራት፣ ወይም «ጋሙት ዋርኒንግ» አብርቶ የማይታተመውን ለይቶ ማወቅ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዋይ አንድ ላይ ነው። ለደንበኛ ሎጎ ከማጽደቃችሁ በፊት የታተመ ናሙና አሳዩት እንጂ ስክሪን አታሳዩት። ስክሪን ላይ ያየውን አረንጓዴ ልቡ ከወደደው በኋላ ባነሩን አይቀበላችሁም።

ወይን ጠጁ የተለመደ ስሕተት ነው። ሳያን 100፣ ማጀንታ 100 ሰማያዊ አይሰጥም፤ ወይን ጠጅ ነው የሚሰጠው። ማጀንታውን ከሳያኑ ቢያንስ 30 ነጥብ ዝቅ አድርጊው። ሳያን 100፣ ማጀንታ 65፣ ጥቁር 20 ዓይነት ሞክሪ።

ለተለበጠ ወረቀት ኦፍሴት ሲሆን ማተሚያ ቤቱ የተለየ ፕሮፋይል (ማሽኑ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) ካልሰጠሽ በፎግራ 39 (በተለመደ የኦፍሴት ፕሮፋይል) ተመልከቺው። የአራቱ ቀለሞች ድምርም ከ300 ፐርሰንት አይለፍ፤ ሲበዛ አይደርቅም፣ የሚቀጥለው ገጽ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ባነር ግን የራሱ ማሽን፣ የራሱ ቀለም ነው። ካታሚው ፕሮፋይሉን ጠይቂ፤ የለንም ካሉሽ የምትፈልጊያቸውን ቀለሞች በአንድ ሜትር ቁራጭ ላይ ከነቁጥራቸው አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ከዚያ የምትመርጪው ከስክሪኑ ሳይሆን ከግድግዳው ይሆናል።

ሰባተኛ ፎቅ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30)

ወደ መሣሪያው ግዢ ልመለስ።

ለፎቶ የሚበቃው ከለሪሜትር (በቀለም ማጣሪያ የሚለካው) ነው፤ ስፔክትሮፎቶሜትር (ብርሃኑን በየሞገዱ የሚለካው) ለሞኒተር ብቻ ብለህ አትግዛ። ሁለት ቤተሰቦች አሉ፦ የዳታከለር ስፓይደሮችና የኤክስ-ራይት አይዋን ዲስፕሌይ ዓይነቶች። የኤክስ-ራይትን የፎቶ መሣሪያዎች ከ2021 ጀምሮ በካሊብራይት ስም ታገኛቸዋለህ፤ አሮጌው ካርቶን ላይ ያለውና አዲሱ ስም ስለተለያየ ሐሰተኛ ነው አትበል። ስፓይደር ኤክስ ፕሮና ኤሊት ደግሞ መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ አብሮ የሚመጣው ሶፍትዌር ነው። በዲስፕሌይካል (ነጻ የካሊብሬሽን ፕሮግራም) የምትሠራ ከሆነ ለኤሊት ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈል።

ያገለገለ ስትገዛ ዕድሜውን እይ። ስፓይደር 2፣ ስፓይደር 3 እና አሮጌው አይዋን ዲስፕሌይ 2 ውስጣቸው ያለው የቀለም ማጣሪያ በጊዜና በእርጥበት ይለወጣል። ቀይ መብራቱ በርቶ፣ ሶፍትዌሩ አውቆት፣ ቁጥርም እየሰጠህ ይዋሻል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ካሊብሬት የተደረገ ስክሪን ካልተነካው ይብሳል። አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮና ከሱ ወዲህ የመጡት ማጣሪያቸው መስታወት ስለሆነ ይቆያሉ። ከለርመንኪ ዲስፕሌይ የሚባለው ያው ሴንሰር ነው፤ ዘገምተኛ ስለሆነ ብቻ ርካሽ ነው። ለአንድ ሞኒተር ትዕግሥት ካለህ ምርጥ ግዢ ነው።

ዘንግቼው፦ ስፓይደርን ዊንዶውስ ላይ በዲስፕሌይካል ለመጠቀም ከ«ቱልስ» ሜኑ የአርጊልን (ዲስፕሌይካል የሚሠራበትን ሶፍትዌር) ድራይቨር መጫን አለብህ። አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ አያስፈልገውም።

ግራጫ ካርድ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10)

መሣሪያው ሲገኝ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል አሁኑኑ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ቃሉ ይጥራ። ካሊብሬት ማድረግና ፕሮፋይል ማውጣት ሁለት ሥራ ነው። ካሊብሬት ማድረግ ስክሪኑን ወደ ኢላማው ማምጣት ነው፦ ነጩ 6500፣ ጋማ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያሉት ደረጃዎች አካሄድ) 2.2፣ ብርሃኑ 100 ካንዴላ። ፕሮፋይል ደግሞ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ እንዴት እንደሚያሳይ የሚመዘግብ የአይሲሲ ፋይል ነው። ፎቶሾፕና ላይትሩም ያንን አንብበው ቀለሙን ይተረጉማሉ። ፕሮፋይል የተበላሸን ቅንብር አይጠግንም፣ ይመዘግበዋል እንጂ። በ«ሊሚትድ» ሬንጅ ላይ ሆነህ ብታስለካው ኖሮ የታጠበውን ጥቁር በጥንቃቄ መዝግቦ ያስቀምጥልህ ነበር።

ዲስፕሌይካል ነጻ ነው፣ የሚሠራው በአርጊል ሲኤምኤስ ላይ ነው። የመጀመሪያው ደራሲ ያወጣው የመጨረሻ እትም የ2019 ነው፤ በፈቃደኞች የሚታደሰው የፓይተን 3 እትም አለ፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ እሱን ተጠቀም።

ሞኒተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልሰው። የቀለም ሞዱን «ዩዘር» ወይም «ከስተም» አድርግ፣ አርጂቢ ጌይን የሚከፈተው እዚያ ነው። ኮንትራስቱን አትንካ፤ ከፋብሪካ ቦታው ከወጣ ነጩ ጫፍ ይቆረጣል። ናይት ላይትን፣ ኤችዲአርን አጥፋ። 30 ደቂቃ ይሙቅ፤ መብራት ሄዶ ከመጣ እንደገና ከዜሮ ቁጠር።

ዲስፕሌይካል ውስጥ «ኮሬክሽን» የሚለውን አትዝለለው። ከለሪሜትር የሚያየው በሦስት ማጣሪያ ስለሆነ የጀርባ መብራቱን ዓይነት ካላወቀ ነጩን ያሳስታል። ተራ የኤስአርጂቢ (የተለመደው መደበኛ የቀለም ክልል) አይፒኤስ ሞኒተር «ዋይት ኤልኢዲ» ነው። ሰፊ ጋሙት (ሰፋ ያለ የቀለም ክልል) ያለው ከሆነ ጂቢ-አር ወይም ፒኤፍኤስ ፎስፈር ሊሆን ይችላል፤ የሞዴሉን ዝርዝር አይተህ ምረጥ።

ኢላማዎቹ፦ ነጭ ነጥብ ዲ65 (6500 ኬልቪን ገደማ፤ ኤክስ 0.3127፣ ዋይ 0.3290)፣ ብርሃን 100፣ ቶን ከርቭ ጋማ 2.2፣ የፕሮፋይል ዓይነት «ሲንግል ከርቭ ፕላስ ማትሪክስ»። ኤክስዋይዜድ ሠንጠረዡ ይበልጥ ትክክል ነው የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ግን አንዳንድ ምስል ማሳያ ፕሮግራም በትክክል አያነበውም። ሞኒተርህ ጤነኛ ከሆነ ማትሪክሱ ይበቃል።

አሁን ዋናው። መሣሪያውን ስክሪኑ መሐል ላይ አንጠልጥል። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ኋላ አጋድመው፣ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ እንዲያርፍ። ጎኑ ላይ ብርሃን ከገባ ጥቁሩን በሙሉ ያበላሸዋል። ፕሮግራሙ ሦስት አሞሌ ያሳይሃል፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ለምሳሌ ኤክስ 0.300፣ ዋይ 0.315 ካለ 7400 ኬልቪን ገደማ ነው፣ ሰማያዊው በዝቷል። ሰማያዊውን ጌይን ከ100 ወደ 87 አካባቢ፣ አረንጓዴውን ወደ 95 አውርድ፤ ቀዩን 100 ላይ ተወው። ደንቡ፦ የበዛውን አውርድ፣ ያነሰውን ከ100 በላይ አትግፋ፣ አንዱ ሁሌ ጣሪያው ላይ ይቆይ። ከዚያ ብራይትነሱን እስከ 100 ካንዴላ። ጌይን ስትነካ ብርሃኑ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ትመላለሳለህ።

«ይህን ሁሉ ሶፍትዌሩ በራሱ አያደርገውም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያደርገዋል፣ በቪዲዮ ካርዱ ሠንጠረዥ። ግን ሰማያዊውን 20 ፐርሰንት እዚያ ካወረደ ከ256 ደረጃዎች 205 ብቻ ይቀሩልሃል። ያ ወጪ የሚታየው ሰማይ ላይና ከጀርባ በሚለሰልስ ግድግዳ ላይ ነው፤ መስመር መስመር ይሆናል። በሞኒተሩ ሜኑ ከሠራኸው ሶፍትዌሩ የሚያርመው ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይሆናል። የአይዞ ከለርኤጅና የቤንኪው ኤስደብልዩ ዓይነት ሞኒተሮች ውድ የሆኑት አንዱ በዚህ ነው፤ እርማቱ በውስጣቸው ባለ ሰፊ ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል፣ ካርዱ አይነካም።

ሲጨርስ «ሜዠርመንት ሪፖርት» አስወጣ። አማካይ ዴልታ ኢ 2000 (የቀለም ስሕተት መለኪያ፤ 2000 የቀመሩ ስም ነው) ከ1 በታች፣ ትልቁ ከ3 በታች ከሆነ ተኛ።

ሰባተኛ ፎቅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40)

ለሕትመት ከሆነ ዲ50 ለምን አይሆንም? ጋሼም መብራቱ 5000 ይሁን ብለዋል።

ግራጫ ካርድ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡02)

ስክሪንና ወረቀት ጎን ለጎን፣ በተለካ የዲ50 መብራት ሥር ከሆነ ዲ50 ትክክል ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ይሠራል። ያ መብራት በሌለበት ዲ50 ስክሪን ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ ዓይን ደግሞ ፎቶውን ወደ ሰማያዊ ይገፋል፤ የሌንስን ችግር ገልብጦ ማምጣት ነው። ደግሞ የእሱ ደንበኛ ግማሹን ፎቶ በስልክ ነው የሚያየው። ዲ65 ይያዝ።

ፒክስል ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30)

ከካሊብሬሽን በኋላ የሚያበላሹትን ልጥቀስ፦

ፎቶሾፕ «ከለር ሴቲንግስ» ውስጥ ወርኪንግ አርጂቢ ላይ የሞኒተሩን ፕሮፋይል የሚመርጥ ብዙ ሰው አለ። ስሕተት ነው። የሞኒተር ፕሮፋይል ቦታው ዊንዶውስ «ከለር ማኔጅመንት» ብቻ ነው። ወርኪንግ ስፔሱ ኤስአርጂቢ ወይም አዶቤ አርጂቢ ይሁን። ሞኒተሩን እዚያ ካስገባኸው ፎቶሾፕ ትርጉሙን ያቆማል፣ ፋይልህም የአንተን ስክሪን ጉድለት ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ናይት ላይት ሲበራና ሲጠፋ፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነሣ የካርዱ ሠንጠረዥ ይሰረዛል፣ ፕሮፋይሉ ግን የተጫነ ይመስላል። የዲስፕሌይካል «ፕሮፋይል ሎደር» ሰዓቱ አጠገብ መኖሩን እይ፤ እሱ ይመልሰዋል።

ላፕቶፕ ላይ 45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ (የቀለም ስፋት መለኪያ) የሚል ስክሪን ከሆነ የኤስአርጂቢን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሸፍንም። ካሊብሬሽን የሌለውን ቀለም አይፈጥርም። የፕሮግራሙን የመሣሪያ ሳጥኖች እዚያ አድርግ፣ ፎቶውን ዋናው ሞኒተር ላይ።

ማክቡክ ፕሮ ባለ ኤክስዲአር ስክሪን ያላችሁ ደግሞ ትሩ ቶንና ናይት ሺፍትን አጥፉና የሪፈረንስ ሞዶቹን ተጠቀሙ፤ «ፎቶግራፊ» ፒ3 (ከኤስአርጂቢ የሚሰፋ የቀለም ክልል) በዲ65፣ «ዲዛይን ኤንድ ፕሪንት» ፒ3 በዲ50 ነው፣ ሁለቱም 160 ካንዴላ ላይ። ለጨለማ ክፍል ይበዛል፣ ከላይ ያለው የወረቀት ሒሳብ ለእናንተም ይሠራል።

ሌንስ ከፒያሳ (እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20)

መሣሪያው በውሰት ተገኘ፣ አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ። ውጤቱ፦ ጌይን ቀይ 100፣ አረንጓዴ 96፣ ሰማያዊ 88፣ ብራይትነስ 25፣ 101 ካንዴላ። አማካይ ዴልታ ኢ 0.7፣ ትልቁ 2.1።

ጎኑ ያለው 27 ኢንች ሰፊ ጋሙት ሞኒተርም በዚያው ኢላማ ተለካ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ለዓይን ግን ነጩ አንድ አይደለም፤ አዲሱ ትንሽ ወደ ሮዝ ይላል። መሣሪያው ተሳስቶ ነው?

ግራጫ ካርድ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ኮሬክሽኑን በትክክል ከመረጥክ መሣሪያው አልተሳሳተም። ቁጥሮቹ የሚሰሉት በ1931 በተወሰነው የ«መደበኛ ተመልካች» ዓይን ነው። ሁለቱ ሞኒተሮች ነጭን የሚሠሩበት የብርሃን ስብጥር የተለያየ ነው፤ የሰፊ ጋሙቱ ቀጫጭንና ሹል ጫፎች አሉት። ያ ስሌት «እኩል ናቸው» ሲል የሰው ዓይን ሁልጊዜ አይስማማም፤ ካንተም ጎን የሚቀመጠው ሰው ሌላ ሊያይ ይችላል።

መፍትሔ፦ አንዱን ዋና አድርገህ ያዝ፣ የ24ቱ ይሁን። ሰፊ ጋሙቱ ላይ በዲስፕሌይካል «ቪዥዋል ዋይትፖይንት ኤዲተር» ከፍተህ ነጩን በዓይንህ ከዋናው ጋር አመሳስል። በቀን አታድርገው፣ ከአንድ ሜትር ራቅ ብለህ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ዓይንህን ወደ ግራጫ ግድግዳ አሳርፍ። ከዚያ ያንን ነጭ በመሣሪያው ለካና የወጣውን ኤክስና ዋይ ለሁለተኛው ሞኒተር ኢላማ አድርግ። የሁለቱ ቁጥር ይለያያል፣ ዓይን ግን አንድ ያያል።

ፕሮፋይል በማያነብ ፕሮግራም ውስጥ ሰፊ ጋሙቱ ላይ የሰው ፊት ቀይ ቲማቲም ይሆናል። ለእነዚያ የሞኒተሩን የኤስአርጂቢ ሞድ ተጠቀም፣ ለእሱም የብቻው ፕሮፋይል አውጣ።

የኦፍሴት ባለሙያ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15)

አሁን አልበም ሳታዙ በፊት የሙከራ ሕትመት አሠሩ። አንድ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ አራት ፎቶ አድርጉ፦ ጥላ ውስጥ ያለ ጠይም ፊት፣ የሙሽራው ሱፍ በቅርበት፣ ነጠላ በፀሐይ፣ እና ያው ነጠላ በጥላ። ከጎናቸው ከ0 እስከ 255 በ16 እየጨመረ የሚሄድ ግራጫ መሰላል። በኤስአርጂቢ፣ ፕሮፋይሉ አብሮ ተካቶ ይላክ፤ ላቡን «ምንም እርማት አታድርጉ» በሉት፤ አለዚያ ማሽኑ በራሱ ያነጣውና የምትፈትኑት የእነሱን ማሽን ይሆናል።

መሰላሉ ላይ የትኛው ደረጃ ከጥቁሩ ጋር እንደሚዋሐድ ቁጠሩ። አብረቅራቂ ወረቀት ጥቁሩ እስከ 2.2 ዴንሲቲ (የጥቁረት መለኪያ) ስለሚሄድ ንፅፅሩ 150 ለ1 ገደማ ነው። ማት ወረቀት 1.6 ላይ ይቆማል፣ 40 ለ1። ሞኒተሩ 1000 ለ1 ያሳያል። ስለዚህ በማት አልበም ላይ 16 ከ0 ጋር ቢዋሐድ ላቡ አላጠፋም፣ ወረቀቱ ያው ነው። ላይትሩም ውስጥ «ሶፍት ፕሩፍ» (ሕትመቱን ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሳየውን) ከፍታችሁ (ኤስ ቁልፍ) ለዚያ ወረቀት የተለየ ቅጂ አውጡና «ሻዶውስ»ን ከፍ አድርጉ። መጠኑን የሚነግራችሁ መሰላሉ ነው፦ 32 ላይ መለየት ከጀመረ የሱፉን ዝርዝር ከ32 በላይ አምጡት።

ሌንስ ከፒያሳ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ነገ ጠዋት ይላካል፣ በሁለቱም ወረቀት። የመሰላሉን ቁጥር ሲመጣ እዚሁ አስቀምጣለሁ። ካሊብሬሽኑስ በስንት ጊዜ ይታደስ?

ሰባተኛ ፎቅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡52)

በወር አንዴ ሪፖርቱን ብቻ አስኬድ፣ አምስት ደቂቃ ነው። አማካዩ ከ1.5 ካለፈ ወይም ብርሃኑ ከ90 በታች ከወረደ ድገመው። መሣሪያውን ለባለቤቱ ከመመለስህ በፊት የ27ቱን ነጭ በዓይን አመሳስለህ ጨርስ፤ ያለሱ አይሆንም።